ዝርዝሩ ያስቆመው ክኒን

ሰሞኑን በአንድ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ከጎኔ አንዲት እናትና ልጃቸው ተቀምጠው ነበር። ሲስተሯ የእናትየውን ደም ግፊት ለክታ 180 በ110 ስታገኘው ደነገጠች። «እማማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ አይደለም እንዴ?» አለች። መልሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት። «እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ልብና ጉበት ይጎዳል የሚል ስልኬ ላይ አንብቤ ነው።»

ጽሑፉን እኔም አየሁት። እናትየው ይወስዱት ስለነበረው የደም ግፊት መድኃኒት፣ ስለ አምሎዲፒን የተጻፈ ነው። የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ ራስ ምታት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የጉበት ብግነት፤ ሁሉም እኩል ተደርድረዋል። ሐሰት የለበትም። ግን በስንት ሰው ላይ ነው የሚታየው? እሱ አልተጻፈም። በአውሮፓ የመድኃኒት መግለጫዎች ይህ ተለይቶ ይቀመጣል። «የተለመደ» የሚባለው ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ የሚታየው ሲሆን፣ «በጣም አልፎ አልፎ» የሚባለው ከ10,000 ሰዎች አንዱን እንኳ አይነካም። የቁርጭምጭሚት እብጠት ከሚዘወተሩት ነው፤ ድንገተኛው የልብ ሕመምና የጉበት ብግነቱ ግን ከ10,000 አንድ ከማይሞሉት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እነዚህ ሰዎች ምን ደበቁ? ታከሙ፣ ጠየቁ፣ አነበቡ። የተጎዱት ለማወቅ በመትጋታቸው ነው፤ እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም። ክኒኑን ያቆመ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይሰነብታል፤ ስትሮኩና የኩላሊት ጉዳቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። መድኃኒቱ የሚያመጣው ችግር ተዘርዝሮ ማቆሙ የሚያመጣው ካልተጻፈ አንባቢ በምን ያመዛዝን?

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ድረ ገጽ በ6 ቋንቋዎች ይቀርባል፤ አማርኛ ከነሱ አንዱ አይደለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሐኪሞቻችን በቴሌግራምና በፌስቡክ በሚጽፉት ላይ ተስፋ ጥለናል። ድካማቸውን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምናቸው፦ ከመለጠፋችሁ በፊት ሕክምና ላልተማረ ሰው አንብቡለትና «ነገ ጠዋት ክኒኑን ምን ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አቆመዋለሁ» ካለ እንደገና ጻፉት። አንባቢው እግሩ ካበጠ ክኒኑን በራሱ ከማቆም ይልቅ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን እንዲያማክር የሚነግር መስመርም ከላይ፣ በጉልህ ይግባ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ያው ቃል በድምፅ ይቀዳላቸው።