ሚዛኑም ይመዘን

በ1952 ዓ.ም. ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ በሮማ ከተማ፣ በአምስት ቀን ልዩነት ሁለት ሰዎች የወርቅ ሜዳልያ አጠለቁ። ነሐሴ 30 ቀን በ81 ኪሎ የቦክስ ግጥሚያ ያሸነፈው የ18 ዓመቱ አሜሪካዊ ካሲየስ ክሌይ ነበረ፤ ኋላ ዓለም መሐመድ ዓሊ ብሎ ያወቀው ማለት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በቀዳሚነት የፈጸመው ደግሞ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ነበረ። እነዚህ ሁለት ስሞች እስከ ዛሬ በሁለት የማያልቁ ክርክሮች መካከል ይገኛሉ። አንደኛው «ከቦክሰኞች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚለው የዓለም ክርክር ነው፤ ሁለተኛው «ከሯጮቻችን ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚለው የኢትዮጵያውያን ክርክር ነው።

ይህ ሁለተኛው ክርክር ስታዲየም አይፈልግም። በነቀምቴ ቡና ቤቶች፣ ከነቀምቴ በስተምዕራብ ወደ ዴዴሳ በሚያዘቀዝቀው የዲጋ መንገድ ዳር፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሦስት ሰዎች በተቀመጡበት ሁሉ ይነሣል። ተከራካሪዎቹም ዘወትር በሦስት ጎራ ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው ጎራ ሜዳልያ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ሰዓት ያነብባል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ «ለእኔ የሚበልጠው ልቤ የወደደው ነው» ይላል። ክርክሩ የማያልቀው ተከራካሪዎቹ እልከኞች ስለሆኑ አይደለም። ሁሉም ስፖርተኛውን ለመመዘን ሲጣደፍ መመዘኛውን ራሱን የመዘነ ባለመኖሩ ነው።

ቦክሰኞች በዚህ ረገድ አንድ ቁም ነገር ቀድመው ተረድተዋል። በቦክስ የ60 ኪሎው ሰው ከ90 ኪሎው ጋር አይጋጠምም። ስለዚህ ልዩ ልዩ ክብደት ያላቸውን ታላላቆች ማወዳደር የፈለጉ ሰዎች «ክብደታቸው እኩል ቢሆን ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። በዚህ ሚዛን ብዙዎች ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ከሁሉ በላይ ያስቀምጣሉ፤ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነቱን ከ1929 እስከ 1941 ዓ.ም. ይዞ 25 ጊዜ ያስከበረውን ጆ ሉዊስን እንኳ ከእርሱ በታች ያደርጋሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሁኔታዎችን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ፍርድ ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ የቦክስ ሠንጠረዥም ከበደል አልዳነም። ሳም ላንግፎርድ በዘመኑ እጅግ ከሚፈሩት ቦክሰኞች አንዱ ነበረ፤ ነገር ግን በዘረኝነት አጥርና በሻምፒዮኖች እምቢታ ምክንያት ለከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ሳይጋጠም ዕድሜው አለፈ። ዘውድ በሚቆጥር ሰው ፊት ላንግፎርድ ባዶ እጁን የቆመ ነው። መሐመድ ዓሊም በ1959 ዓ.ም. ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም በማለቱ ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ ጉልበቱ በበረታበት ከ25 እስከ 28 ዓመት ባለው ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከመድረክ ተገልሎ ቆየ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ዓ.ም. ፍርዱን ሻረለት፤ የባከኑትን ዓመታት ግን የመለሰለት የለም። ሠንጠረዥ ሠሪው ለእነዚያ ዓመታት ምን ይጽፋል? ዜሮ ይጽፋል።

ይኸው ዜሮ በኢትዮጵያ ሯጮች ሠንጠረዥ ውስጥም ተጽፏል። ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ፤ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ግን እርሱ ከመነሻው መስመር ሳይደርስ ተጀመረ። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ይካስ ዘንድ ተስፋ ነበረ። ሆኖም የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደ ሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ኒው ዚላንድም ከኦሎምፒኩ ባለመታገዷ፣ ከሃያ በላይ የሆኑ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ተዉት፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ መካከል ነበረች። ምሩፅ በ1969 እና በ1971 ዓ.ም. በተደረጉት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሁለቱንም ጊዜ አሸነፈ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ ሁለቱን ወርቆች አንድ ላይ ወሰደ። እንግዲህ በሙኒክና በሞስኮ መካከል የነበረው ያ ሯጭ ዜሮ የሚገባው ነውን? ኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ከሴኡል ኦሎምፒክ ቀርታለች። በእነዚያ ዓመታት ጉልበታቸው የደረሰ ሯጮች ስማቸው ከነጭራሹ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሜዳልያ ቆጣሪው ሳያውቀው የመንግሥታትን ውሳኔ ዕዳ ከስፖርተኛው ኪስ ያስከፍላል።

ሴቶችን በተመለከተ በደሉ ይከፋል። አበበ በሮማ ማራቶን ሲሮጥ በዚያው ኦሎምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበረ። የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሎምፒክ የተጀመረው በሴኡል፣ ኢትዮጵያ በሌለችበት ነው። ስለዚህ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስትቀርብ ርቀቱ በኦሎምፒክ በሴቶች ሲሮጥ ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበረ። እርሷም አሸንፋ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከድሉ በኋላ ደራርቱ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን እጅ ለእጅ ይዛ ሜዳውን ዞረች። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም ዘመን እገዳ በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበረ። እንግዲህ ልብ ይባል፤ ምሩፅ በሞንትሪያል የከፈለው ዋጋና ደራርቱ በባርሴሎና የዞረችው ዙር የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸው። በሜዳልያ ሠንጠረዥ ላይ ግን የመጀመሪያው ዜሮ ነው፤ ሁለተኛውም አንዲት ነጥብ አይጨምርም። እንዲህ ያለውን ታሪክ ማየት የተሳነው መመዘኛ ምን ሊመዝን ተቀመጠ?

ሰዓት አንባቢው ጎራ በበኩሉ «ቁጥር አይዋሽም» እያለ ይመጻደቃል። ቁጥር በርግጥ አይዋሽም፤ ሆኖም ያልተጠየቀውን አይመልስም። አበበ በሮማ ማራቶኑን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2012 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። በሰዓት ብቻ ከተፈረደ ቀነኒሳ ገመዱን ሲበጥስ አበበ ገና ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ይህ ስለ ሁለቱ ሰዎች ብቻ የሚናገር ቁጥር ነውን? ስለ ጫማው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ሥልጠናው ዕድገትም የሚናገር ነው። ቀነኒሳ ራሱ ይህን ሚዛን ቀምሶታል። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ያስመዘገባቸውን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የሰበራቸው ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ፣ አዲስ የተሠራ ጫማ አጥልቆና በመሮጫው ጠርዝ ፍጥነቱን የሚያመለክቱ መብራቶች እየመሩት ነው። የቼፕቴጌይ ድል እውነተኛ ድል ነው። ቀነኒሳን ግን ከነበረበት ታላቅነት በአንድ ስንዝር አላወረደውም።

ከዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይቀርባል። «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ ያሸነፉት ተፎካካሪ በጠፋበት ዘመን ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ በከፊል እውነትነት አለው። በሮማ የተሰለፉት አፍሪካውያን ጥቂቶች ነበሩ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ የሮጡበት ሜዳ ግን በኬንያውያንና በኢትዮጵያውያን የተጨናነቀ ነበረ። ይሁንና መቃወሚያው ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ያን ሜዳ በዛፍ የሞላው ማን ነው? አፍሪካዊ በረጅም ሩጫ ዓለምን ሊቀድም እንደሚችል በሮማ አደባባይ ያሳየው፣ በቶኪዮም ደግሞ ያጸናው አበበ አይደለምን? ጫካው ጥቅጥቅ ስላለ የመጀመሪያውን ዘር የተከለውን ሰው እምቧጮ ነህ ማለት ተገቢ አይሆንም።

ስለዚህ ተገቢው መመዘኛ ሦስት ጥያቄዎችን የያዘ መሆን አለበት። አንደኛ፣ ስፖርተኛው በራሱ ዘመን የነበሩትን በምን ያህል በለጠ? ሁለተኛ፣ ምን ሸክም ተሸክሞ ሮጠ? ሦስተኛ፣ ካለፈ በኋላ ለማን በር ከፈተ? በመጀመሪያው ጥያቄ ቀነኒሳን የሚስተካከል ማግኘት ያዳግታል፤ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ብቻ በአዋቂዎች 11 የግል ድሎች አሉት። በሁለተኛው ጥያቄ የምሩፅ ባዶ ዓመታት ከብዙ ወርቅ ይከብዳሉ። በሦስተኛው ጥያቄ አበበና ደራርቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ለአህጉር፣ አንዷ ለአህጉሩ ሴቶች በር ከፍተዋልና። ቁንጮ የግድ ያስፈልጋል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ሌላው ያሸነፈው በተከፈተ በር ገብቶ ነውና በሩን የከፈተው ይቀድማል።

በዚህ ክርክር ኪነ ጥበብም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሠዓሊው አበበን ሲሥል ባዶ እግሩን ይሥላል፤ ዘፋኙም ባዶ እግሩን ያወሳል። ባዶው እግር እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሲቀርብ ድሉን የተፈጥሮ ስጦታ ያስመስለዋል። ከእግሩ ጀርባ የክብር ዘበኛ ሥልጠናና የስዊድናዊው አሠልጣኝ የኦኒ ኒስካነን ድካም ነበረ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ የሮጠው ጫማ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከአርባ ቀን ገደማ በኋላ ነው። ሁለተኛውንም ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ይህ ከሮማው የሚበልጥ ድል ሆኖ ሳለ ሸራ ላይ እምብዛም አይታይም። ጃፓናዊው የፊልም ዲሬክተር ኮን ኢቺካዋ ስለ ቶኪዮ ኦሎምፒክ በሠራው ፊልም ግን ካሜራው የአበበን ፊት ተከትሎ የሥራን ፊት ያሳያል። የኪነት ሰዎች ከዚህ የሚማሩት አለ።

ጉዳዩ የቡና ቤት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላስፈለገው ነበር። ሠንጠረዡ ግን ሳይናገር የሚያስተምረው ትምህርት አለ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ዲባባ ከአንዲት የአርሲ ከተማ ከበቆጂ መውጣታቸውን የሚሰማ የዲጋ ልጅ «ታላቅነት የበቆጂ አፈር ነው፤ የእኛ አይደለም» ብሎ ይደመድማል። ከፍታ ነው የሚሉም አሉ፤ በቆጂ በርግጥ ከነቀምቴ ከፍ ትላለች። ነገር ግን ነቀምቴም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደጋማ አገርም በኢትዮጵያ ሞልቷል። በቆጂ ከከፍታዋ በተጨማሪ የነበራት ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ልጆቹ ሲሮጡ ቆሞ ተመለከተ፤ ተስፋ ያላቸውን ለየ፤ ጠዋት ጠዋት አሠለጠነ። በየትኛውም የታላላቆች ሠንጠረዥ ላይ ግን የእርሱ ስም አልተጻፈም።

እንግዲህ መመዘኛው ከተስተካከለ ጥያቄውም ይለወጣል። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ቀርቶ «የበለጠው እንዴት በለጠ?» የሚለው ይነሣል። ይህ ጥያቄ ለመምህሩ ሥራ ይሰጠዋል፤ ለሠዓሊው ያልተነካ ርዕስ ይሰጠዋል፤ ለወረዳው ኃላፊም «የመሮጫ ሜዳው የታለ?» የሚል መልስ የሚሻ ጥያቄ ያቀርብለታል። በዲጋ ዳገት ደብተሩን በክንዱ ይዞ ትምህርት እንዳይረፍድበት የሚሮጥ ልጅ ዛሬ በማንም ሠንጠረዥ ላይ የለም። ያልተጻፈው አልሮጥ ብሎ አይደለም፤ ሰዓት ይዞ የጠበቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለ ታላላቆች የሚከራከር ሁሉ ክርክሩን ጨርሶ ሲነሣ፣ ነገ ጠዋት በዚያ ዳገት ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆመው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።