ራስሽ ጻፊውና ልፈርምልሽ

ጋዜጠኝነት ተምሮ መመረቅ አንድ መዘዝ አለው፤ እንግሊዝኛ ያስጨነቀው ወዳጅ ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። ሰሞኑን የመጣችብን ጓደኛችን በቲቢ ባክቴሪያ ላይ ፒኤችዲዋን ሠርታ፣ አውሮፓ ላለ ላብራቶሪ ለፖስትዶክ ልታመለክት ነው። (ፖስትዶክ ሌላ ዲግሪ አይደለም። ዶክተር ከተባሉ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በሰው ላብራቶሪ እየተከፈለ ምርምር የሚለማመዱበት ነው። እናቷ ግን "ደግሞ ሌላ ትምህርት?" ብለው ሁለት ቀን አኩርፈዋል።)

የምርምር ዕቅዷ ባይገባንም ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። ያስደነገጠን ከሥር የተያያዙት ሁለት የምስክርነት ደብዳቤዎች ናቸው። የሁለት የተለያዩ ፕሮፌሰሮች ናቸው ተብሎ የኮማ ስህተታቸው እንኳ አንድ! ለካ ሁለቱንም የጻፈችው ራሷ ናት። "ጊዜ የለኝም፣ ራስሽ ጻፊውና ልፈርምልሽ" ተብላ።

ሳቅን። ከዚያ አፈርን፤ እኛም ለሥራ ስናመለክት ራሳችንን አሞግሰን አስፈርመናላ።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አሜሪካ የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩቶች የሚሰጡት ዋናው የፖስትዶክ ሥልጠና ድጋፍ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የአውሮፓው የማሪ ኪዩሪ ድጋፍ ዜግነት አይጠይቅም፤ ሆኖም መጀመሪያ የሚቀበል ፕሮፌሰር ራስ ማግኘት ያስፈልጋል። ያ ፕሮፌሰር ደግሞ ጓደኛችንን አይቷት አያውቅም። የታተመው ጽሑፍ ላይ ስምንት ስም ተደርድሯል፤ ሐሳቡ የማን ነበር? ማን ሠራው? ይህን የሚነግረው አብሯት የሠራ ሰው ብቻ ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሳምንታት ተጠብቆ ናሙናው በሌላ ተሕዋስ ከተበከለ፣ እንደገና ከዜሮ ነው። ስንት ጊዜ ከዜሮ እንደጀመረች፣ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እንዴት እንደደረሰችበት አማካሪዋ ያውቃሉ። እሷ ይህን ስለ ራሷ በሳቸው ስም መጻፍ ይሉኝታ ያዛት። ስለዚህ "ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰው አክባሪ" አለች። የባንክ ገንዘብ ያዥ መቅጠሪያ አይመስልም?

በኛ ሙያ ባለታሪኩ ራሱ የጻፈው ጽሑፍ ማስታወቂያ ይባላል።

መምህራኑ ሥራ እንደሚበዛባቸው እናውቃለን፤ የተማሪውን ብዛት ተቀምጠንበት አይተነዋል። ግን አምስት ዓመት ላማከሯት ልጅ አንድ ገጽ ያንሳል? ካልሆነ "አልችልም" ይበሉና ሌላ ሰው ትፈልግ። እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው እኛ አለን፣ በነጻ።

ኮማውን አናስተካክልም ብለን መለስናት። የሠራችውን በግማሽ ገጽ ዘርዝራ፣ ያልተሳካውንም ጨምራ፣ ቢሯቸው ሄዳ "የሚያውቁትን እርስዎ ይጻፉልኝ" እንድትል መከርናት። ሐሙስ ሄዳለች። "እስቲ አስቀምጪው" ብለዋታል። ማመልከቻው ማክሰኞ ይዘጋል።