የእናትዎ ብር ምን ያህል ብር ነው?

ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ውጫሌ ሲመለሱ እናትዎ ሣጥናቸውን ከፍተው «ልጄ፥ ይህን አምባር ነጋዴ በሚዛን ሊገዛኝ ነው፤ ልሽጠው ወይ?» ቢሉዎ ምን ይመልሱላቸዋል? ዕቃው አንድ ጊዜ ከቀለጠ አይመለስምና፥ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅማል።

ዕቃው የእንግሊዝ አገር የብር ማንኪያ ወይም ሹካ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ጀርባው ላይ ጥቃቅን ማኅተሞች አሉ። የሚራመድ አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን፥ የነብር ራስ በለንደን፥ መልሕቅ ደግሞ በቢርሚንግሃም መፈተኑን ያስረዳል፤ አንዲት ፊደል ዓመቱን፥ የስም መነሻ ፊደሎችም ሠሪውን ያመለክታሉ። «ኢ. ፒ. ኤን. ኤስ.» የሚል ከሆነ ግን በላዩ ብር የተለበጠ የኒኬል ቅልቅል ነው።

የእኛ አገር አንጥረኛ በሥራው ላይ ስሙን የመምታት ልማድ አልነበረውም። ማኅተሙ የነበረው ባለጉዳዩ ይዞለት በሚሄደውና እርሱም በሚያቀልጠው በጠገራው፥ ማለት በማሪያ ትሬዛ ብር ላይ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አባቶቻችን ሲቀበሉት መልኩን እንደ መጽሐፍ ያነቡት ነበር። በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ የከበቡትን 9 ዕንቁዎች ይቈጥራሉ፤ ከደረቷ በታች ያሉትን «ኤስ. ኤፍ.» የተባሉ ሁለት ፊደሎች ይፈልጋሉ። እነዚህ ፊደሎች የጉንዝቡርግ ብር ማተሚያ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። በጠርዙም ዙሪያ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ።

1780 የሚለውን ቍጥር አይተው ግን ዕድሜውን አይፍረዱ። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሩ ግን በዚያው ቍጥር በቪየና፥ በኋላም በሮማ፥ በለንደንና በቦምቤይ ሲታተም ኖሯል።

ሕዝቡ በዚህ መልክ ላይ የነበረው እምነት ቀላል አልነበረም። በአምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ ከተፈረመ በኋላ፥ ኢጣልያ ለኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበት ብር አሳተመች። ገበያው ግን የለመደውን መልክ አልለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1918 ትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጻ ሌላ ብር ብታወጣም ጠገራውን ከገበያ ልታስወጣው አልቻለችም።

እንግዲህ የእናትዎ ድሪ ላይ ጆሮ ተበጅቶለት የተንጠለጠለ ሙሉ ጠገራ ካለ፥ ማኅተሙን ራስዎ ያንብቡ። የቀለጠውን ግን በትምህርት ቤት በተማሩት ይፈትኑት። አምባሩን በግራም ይመዝኑ፤ ልክ በተጻፈበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በክር አውርደው ያስጥሙት፤ ክብደቱን ውኃው ከፍ ባለበት ሚሊ ሊትር ያካፍሉ። መልሱ ወደ 10 ከቀረበ ከጠገራ የተሠራ መሆኑ ይታመናል፤ 8 ተኩል አካባቢ ከሆነ ናስ ወይም የኒኬል ቅልቅል ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ግን በዚህ መንገድ አይፈተንም።

ሚዛን የማይነግርዎ ሌላም ነገር አለ። በሚዛን የሚገዛ ነጋዴ የሚከፍለው ለብሩ እንጂ ለአንጥረኛው እጅ አይደለም። ስለዚህ እናትዎን ይጠይቁ፤ ማን ሠራው? በየትኛው ዘመን? ስንት ጠገራ ቀለጠበት? ለማን ሠርግ ነበር? መልሱን በወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጋር ያኑሩ። መሸጥ ግድ ቢሆን እንኳ ዋጋውን የሚነጋገሩት ዐውቀው ይሆናል፤ ባይሸጥ ደግሞ አንጥረኛው ያላኖረውን ማኅተም እርስዎ አኖሩለት ማለት ነው።