ሶፍትዌሩ ማርቆስን አያውቃትም

በቤይዚያን ዘዴ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልበል።

አንድ የወባ ምርመራ ከ10 ሕሙማን 9ኙን ያገኛል፣ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 5ቱን በስህተት «አለባችሁ» ይላል እንበል። በደጋዋ ማርቆስ ከ1,000 ሰው የታመመው 10 ቢሆን፣ «አለባችሁ» ከሚባሉት 59 ያህል ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ዐባይ በረሃ ወርደን ሕሙማኑ 300 ቢሆኑ ግን ከ305ቱ 270ዎቹ ታመዋል። ምርመራው ያው ነው፤ የተለየው መነሻ ግምቱ ነው። በ1763 የታተመው የቶማስ ቤይዝ ጽሑፍ ያቆየልን ስሌት ይኸው ነው።

እኛ ግን (እኔም አድርጌዋለሁ) ሶፍትዌሩ የሰጠንን መነሻ ግምት ሳንጠይቅ እናልፋለን። መረጃው ብዙ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የምንሰበስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ቁጥሩን ከመሙላታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱና የቆየውን መዝገብ ጠይቁ። ከየት እንዳመጣችሁትም፣ ፈታኙ ባይጠይቅ እንኳ፣ ጻፉት።