ወረቀቱ ለማን ነው?

ኳሷን ለቴስታ እንድትመቸው ከፍ አድርጌ ወረወርኩለት። ልጁ ዓይኑን ኳሷ ላይ ተክሎ አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። ሊገጫት ሲል ዋናዋ አሰልጣኝ ከጎን ደርሳ ኳሷን በአየር ላይ በእጇ ያዘቻት። አልተቆጣችም። ኳሷን እግሩ ሥር አስቀምጣለት "በእግር እንጫወት" አለችውና ወደ እኔ ዞር ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ "የሕክምና ፎርሙን አይተኸዋል?" ስትል ጠየቀችኝ። አላየሁትም ነበር።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚወዳደሩበት በስፔሻል ኦሊምፒክስ የበጎ ፈቃድ አሰልጣኝ ልሆን ተመዝግቤ ልምምድ ላይ የዋልኩበት ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። ልጁ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ፣ ከራስ ቅል ሥር ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች የሚያያይዘው ጅማት የላላ ነው። አንገት ላይ ድንገት የሚያርፍ ምት ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም አይቶ ሳያረጋግጥ ቴስታ ማስመታት፣ በጭንቅላት ውሃ ውስጥ ማስዘለል ወይም በአንገት ማገለባበጥ አይሆንም። እኔ ደግሞ የሰፈራችንን ሕፃናት ለዓመታት ኳስ ያሰለጠንኩ፣ ልጅ የምወድ ሰው ነኝ። ያቺ ኳስ የወጣችው ከቅን ሰው እጅ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ቅንነቴ ይበቃል ብዬ ስከራከር ነበር። ስመዘገብ መጀመሪያ መታወቂያዬን ተቀብለው ለባክግራውንድ ቼክ አስፈረሙኝ። ቀጥሎ አትሌቶችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የሚያስተምር የኢንተርኔት ትምህርት መጣ። ከዚያ አጠቃላይ ገለጻ፣ ጭንቅላት ሲመታ ስለሚታዩ ምልክቶች የሚያስረዳ ትምህርት፣ የስፖርቱ የራሱ ኮርስ፣ በመጨረሻም ልምድ ካለው አሰልጣኝ ጎን ሆኖ ከአትሌቶቹ ጋር 10 ሰዓት መሥራት ተከተለ። ይህን ሁሉ ጨርሰህ የምታገኘው ሰርተፍኬትም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ቪዲዮውን እያየሁ ባለቤቴን "በነፃ ላገልግል ብዬ እንደ ወንጀለኛ ልመርመር እንዴ?" ያልኳት ትዝ ይለኛል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ትቶ እንደሚሄድም አውቃለሁ።

አንድ ወዳጄ ይህን ክርክር ከእኔ በተሻለ ይከራከረዋል። "ስፔሻል ኦሊምፒክስ ሲጀመር የማን ሰርተፍኬት ነበረ?" ይላል። እውነቱን ነው። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር እ.ኤ.አ. በጁን 1962 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ሰብስባ ዋና ማስተማርና ኳስ ማጫወት የጀመረችው እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በራሷ ግቢ ውስጥ ነው። ረዳቶቿ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ታላቅ እኅቷ ሮዝመሪ ያው ውስንነት የነበረባት፣ በ1941 በተደረገላት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ይበልጥ ተጎድታ አብዛኛውን ዕድሜዋን በተቋም ያሳለፈች ናት። ዩኒስን ለዚህ ሥራ ያነሣሣት ወረቀት ሳይሆን ይህ የቤቷ ሐዘን ነው። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1968፣ ቺካጎ በሚገኘው ሶልጀር ፊልድ ስታዲየም 1,000 ያህል አትሌቶች ተሰልፈው የመጀመሪያው ውድድር ተካሄደ።

ወዳጄ የዘነጋው ነገር ግን አለ። በዚያ ግቢ ውስጥ ዩኒስ ራሷ ነበረች። ማን ከማን ጋር እንደዋለ በዓይኗ ታያለች፤ ለአንድ ልጅ አንድ ረዳት ለማለት ጥቂት የቀረው ነበር። ዛሬ እንቅስቃሴው ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ አትሌቶቹም በሚሊዮን ይቆጠራሉ። እኔን በዚያ ሜዳ ላይ በዓይን የሚያውቀኝ ማንም አልነበረም። ታዲያ የልጁ እናት በምን ታምነኝ?

እናቱን ያወቅኋት በዚያው ሰሞን ነው፤ የእኛው አገር ሰው ናት። አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ አምልጧት ልምምዱ ካለቀ በኋላ ዘገየች። ቤታቸው መንገዴ ላይ ስለሆነ ደወልኩላትና "እኔ በመኪናዬ አደርሰዋለሁ" አልኳት። ዋናዋ አሰልጣኝ ሰምታ "አይሆንም፤ አንድ አሰልጣኝ ከአንድ አትሌት ጋር ብቻውን መኪና ውስጥ አይገባም" አለች። ሦስታችን 40 ደቂቃ ያህል አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ፊቴ ጠቁሮ ነበር። እናትየው እያለከለከች ደርሳ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ እኔ ደግሞ ቅሬታዬን አወጣሁላት።

"ወንድሜ" አለችኝ፣ "አንተን ስለጠረጠርኩ አይደለም። ልጄ ሰው ሁሉ ደግ ይመስለዋል። መኪና የከፈተለት ሁሉ ጋ ይገባል።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ባክግራውንድ ቼክ ተከራክሬ አላውቅም። ኤንፒአር ሬዲዮ በ2018 ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አግኝቶ ያወጣው አሃዝ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰው ወሲባዊ ጥቃት በሌላው ሰው ላይ ከሚደርሰው ከሰባት እጥፍ በላይ መሆኑን ያሳያል። ጥቃቱን የሚፈጽመውም ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነው። እኛ ልጅ ስናገኝ አገላብጠን የምንስም፣ ጭናችን ላይ የምናስቀምጥ ሕዝብ ነን። ፍቅራችንን ነው የምንገልጸው፤ አላፍርበትም። ነገር ግን ማንም እንዲስመው የተለማመደ ሰው እምቢ ማለትን ከየት ይማራል? ሰላምታ በእጅ ይሁን፣ ማቀፍ ካስፈለገም ከጎን፣ ሰው በሚያይበት ይሁን የሚለው ደንብ መጀመሪያ ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር። አሁን የአክብሮት ሆኖ አገኘዋለሁ።

ደግሞም "ልጁ፣ ልጁ" እያልኩ የጻፍኩት ሰው ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ያንን አጠራሬንም ያረመኝ ሥልጠናው ነው፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።

ሥልጠና ማጣት ምን እንደሚያደርስ ለማየት ከቤታችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በጃንዋሪ 2013 በአጎራባች ፍሬድሪክ ካውንቲ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት የ26 ዓመት ወጣት ፊልም አይቶ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሊያየው ፈልጎ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ በጥበቃ የተቀጠሩ ሦስት የሸሪፍ ፖሊሶች ሊያስወጡት መጡ። አብራው የነበረችው ረዳቱ እናቱ እየመጣች መሆኗን፣ ሲነኩት እንደሚደነግጥም ነግራቸው ነበር። ያዙት፤ ታገለ፤ መሬት ላይ ካቴና ውስጥ ሳለ ትንፋሹ ቆመ። የአንድ ትኬት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግዛት ፖሊሶች ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች እንዲሠለጥኑ ተደርጓል፤ ከሚያሠለጥኗቸውም መካከል ራሳቸው ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች አሉ።

ስለ ሰርተፍኬቱ ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ቪዲዮው ስለ አንገት አጥንት ይነግርህ ይሆናል፤ ትዕግሥትን ግን ሜዳው ነው የሚያስተምርህ። እኔ "ሩጥ! ወደ ግራ! አቀብለው!" እያልኩ ከዳር ስጮህ፣ ያ አትሌት ኳሷን ጥሎ ምን እንደምፈልግ ሊጠይቀኝ እየሮጠ መጣ። ዋናዋ አሰልጣኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገር፣ እያሳየህ ተናገር፣ ከዚያ በሆድህ እስከ አሥር ቁጠርና ጠብቅ አለችኝ። አሥር መቁጠር ረጅም ነው። ሰባት ላይ ስደርስ ግን ዞር ብሎ ኳሷን ለጓደኛው አቀበለ። ለእኔ ቢተው ያንን የ10 ሰዓት ልምምድ 30 አደርገው ነበር።

አሰልጣኙ ታማኝም መሆን አለበት። በስፔሻል ኦሊምፒክስ አትሌቶች የሚወዳደሩት በአቅም ከሚመጣጠኑት ጋር ነው፤ በአንድ ምድብ ውስጥ በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለምደባው መነሻ የሚሆነውን ሰዓት የሚሞላው አሰልጣኙ ነው። ወርቅ ለማምጣት ብሎ ሰዓቱን አዘግይቶ የሚሞላ አሰልጣኝ የሚጎዳው ዓመቱን ሙሉ የለፋ ሌላ አትሌት ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ትምህርት እኔ በደረስኩበት ጊዜ በእንግሊዝኛና በኮምፒውተር ነበር። ያቺ እናት 27 ዓመት ሙሉ ያለ ሰርተፍኬት ስታሰለጥን ኖራለች፤ ሲደክመው፣ ሲደነግጥ፣ ሊያለቅስ ሲል ከማንም በፊት ታውቃለች። አሰልጣኝ ለምን አትሆኝም ስላት "እኔ ፈተናውን የት እችለዋለሁ" አለችኝ። እንደ እሷ ያሉ እናቶችና አባቶች በዚህ ከተማ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹም ሰው ምን ይለኛል ብለው ልጃቸውን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚያስገቡ ናቸው። ደንቡ ይላላላቸው አልልም፤ ለራሳቸው ልጆች የተሠራ አጥር ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ገጹን የሚያነብላቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል።

ሰሜን አሜሪካ ያለነው ኢትዮጵያውያን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ የእግር ኳስ ውድድር የምናዘጋጅ ሰዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት የሚያሰለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች በየሰፈሩ አሉን። ከእናንተ መካከል ለ10 ሰዓት ሜዳ ላይ መዋል የሚችል ይመዝገብ። ወላጆችም ፎርሙ አስፈርቷችሁ ከሆነ አትቅሩ፤ ከልምምድ በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ታገኙኛላችሁ፣ ላፕቶፑን እኔ ይዤ እመጣለሁ።