የአስታማሚው ወረቀትና የቤት ገመና



በየቤታችን በሽተኛ የሚያገላብጥ፣ አረጋዊ ወላጁን የሚጦር፣ አካል ጉዳተኛ ልጁን አቅፎ የሚያድር ስንት ሰው እንዳለ እግዜር ይወቀው። ኀዘን ሲደርስ ድንኳን የምንተክልለት ሰው በማስታመም ሲደክም ግን አይዞህ የሚለው የለም። ስለዚህ ማኅበራችን በምን እንርዳቸው ብሎ ለመመካከር የመጠይቅ ወረቀት በየቤቱ እንዲዞር መወሰኑ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ሳይዞር ሐሜቱ ቀድሞ ዞሯል። «ስማችንን ጽፈው የት ሊያደርሱት ነው?» ይባላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ባለፈው ዓመት ለእርዳታ የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ከነሕመማቸው ጽፌ በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት እኔ ጸሐፊው ነኝ። ለግልጽነት ብዬ ነበር። አንዲት እናት ግን የልጇን ሕመም የሰፈር ልጆች ቆመው ሲያነቡት አይታ እርዳታውንም ሳትወስድ ቀረች። ወረቀቱን በማግስቱ ነቀልሁት፤ ከሰው አፍ ግን መንቀል አልተቻለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ለሚረዳ ሰው ይነገር ማለት ነው እንጂ በገበያ ይለፈፍ ማለት አይደለም።

ይህ ጉዳይ የይሉኝታ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ የጤና ነገርንም የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ይቆጥረዋል። አዋጁ ለትልልቅ መሥሪያ ቤት ነው የሚል ቢኖር፣ ገመና ግን የሁሉም ቤት ነው።

በመሆኑም የሚከተለው እንዲደረግ እናሳስባለን።

1ኛ. ወረቀቱ የሕመሙን ስም አይጠይቅም። ማን ማንን እንደሚያስታምምና የሚፈለገው ተራ ገብቶ የሚያሳርፍ ሰው፣ ውኃ የሚቀዳ ወይስ የመጓጓዣ ገንዘብ መሆኑን ይጠይቃል እንጂ።

2ኛ. ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። እርዳታ የሚፈልግ ስሙን በሌላ ወረቀት ይሰጣል፤ እሱም በቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከሊቀ መንበሩና ከጸሐፊው በቀር አያየውም። በስልክ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

3ኛ. በስብሰባ የሚነበበው ቁጥር ብቻ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው፣ ሦስት ልጆች ያሏት» ብሎ ማንበብም ስም ከመጥራት አይለይም፤ ሰፈራችን ጠባብ ነው፣ ሁሉም ያውቃታል።

4ኛ. መጻፍ የማይችል ሰው ራሱ የመረጠው ይጻፍለት፤ የጎረቤት ልጅ አይላክበት።

5ኛ. ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ይቃጠላል። ከዚያ በፊት ሐሳቡን የቀየረ መጥቶ ስሙን ማሰረዝ ይችላል።

አስታማሚዎችም አንድ ነገር አትርሱ። የምትነግሩን የራሳችሁን ድካም ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሰው ነገር ነው። መናገር ከቻለ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁት። በአልጋ ላይ ቢውልም ገመናው የራሱ ነው።

የማኅበሩ ገንዘብ ትንሽ ነውና ሁሉንም እንረዳለን ብለን አንዋሽም። የተነገረንን መጠበቅ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እንግዲህ ወረቀቱ ሲመጣ በራችሁን ክፈቱልን፤ ያልነውን ካልጠበቅን ደግሞ በዚሁ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ውቀሱን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ፍኖተ ሰላም