«ሙያ በልብ» ይብቃን

የኮምፒውተር ባለቤትን እንደ «ተቃጥሏል» የሚያስደነግጥ ቃል የለም። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከወሎ ሰፈር እስከ መገናኛ ባሉት የጥገና ቤቶች ይህ ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር የቆጠረ የለም፤ የሚነገርበት ሥርዓት ግን የታወቀ ነው። ባለቤቱ እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረውን ኮምፒውተር ተሸክሞ ይመጣል። ራም ጨምሮበታል፣ ወይም ግራፊክስ ካርድ አስገብቶበታል፣ ወይም አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በፈጣኑ ኤስኤስዲ ለውጦታል፤ ከዚያ ወዲህ አልነሳ ብሎታል። ባለሙያው ያበራዋል፤ ጥቁሩን ስክሪን ለአፍታ ያየዋል፤ ራሱን ነቅንቆም «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል። ፍርዱ ተሰጠ። ምርመራው መቼ ተካሄደ? ማስረጃውስ የት አለ?

ሙግቴ ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ማዘርቦርድ አይቃጠልም አልልም፤ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያደርሰውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ነገር ግን ያለ ምርመራ የተሰጠ «ተቃጥሏል» በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፍርዱ ፍርድ አይባልም፤ ግምት ነው። በግምት ደግሞ የሰው ገንዘብ አይወሰድም።

በቀድሞው ዘመን በሀገራችን ሌባ የሚያዝበት አንድ ዘዴ ነበር፤ ሌባ ሻይ ይሉታል። ለአንድ ልጅ የሚያናውዝ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና ከአንዱ ደጅ ይወድቃል፤ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንገረማለን፣ እናፍራለንም። ታዲያ «ፓወር ሰፕላዩን ቀይር፤ ካልሆነ ራሙን ቀይር፤ ካልሆነ ማዘርቦርዱን ቀይር» የሚለው ጥገና ከሌባ ሻይ በምን ይለያል? ግምቱ ተንገዳግዶ ከአንዱ ዕቃ ላይ ይወድቃል፤ ዕዳውን ባለቤቱ ይከፍላል።

ደግነቱ፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ሌባ ሻይን ብቻ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ከባድ ንባብ ሲገጥማቸው በአንድ ፍቺ አይቸኩሉም። «አንድም» ብለው አንዱን ያቀርባሉ፤ «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ ምሥጢሩንም ከንባቡ ጋር ያስማማሉ። አልነሳ ያለ ኮምፒውተርም መነበብ ያለበት እንዲሁ ነው። አንድም ጨርሶ ኃይል አላገኘም፤ ፋኑ አይዞርም፣ መብራቱም አይበራም። አንድም ኃይል አግኝቷል፣ ፋኑም ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አንድም በስክሪኑ ላይ የአምራቹ ስም ይታያል፤ ዊንዶውሱ ግን አይገባም። ሦስቱም በአማርኛችን «አልነሳም» ይባላሉ፤ ሦስቱ ግን ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያውን እንይ። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ነው፤ የኮምፒውተር ዕቃም በዘመድ ሻንጣ ከዋሽንግተን ይመጣል። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መምረጫ አለው። በአሜሪካ በ115 ላይ የቆየው ዕቃ ሳይስተካከል ከእኛ 220 ቮልት ጋር ሲገናኝ «ቷ» ብሎ ያርፋል። እዚህ ላይ እውነተኛ ቃጠሎ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ እንጂ ማዘርቦርዱ አይደለም። ከዚህ የቀለለም አለ፤ አዲሱ ዕቃ ሲገባ የማብሪያው ቀጭን ሽቦ በእጅ ተነክቶ ይነቀላል። ሽቦው ስለተነቀለ ማዘርቦርድ ይገዛል?

በሁለተኛው፣ በጥቁሩ ስክሪን፣ ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። ራሙ መያዣዎቹ ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ አልተጫነም ይሆናል። ግራፊክስ ካርዱ የራሱ የኃይል ገመድ አልተሰካለትም ይሆናል፤ ካርዱ የሚቀመጥበት ማስገቢያ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመዱን ይጠይቃል። ወይም ደግሞ የስክሪኑ ገመድ አዲሱ ካርድ ላይ በመሰካት ፈንታ በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ቀርቷል። ማሽኑ ራሱም ይናገራል፤ ድምፅ ማውጫ ያለው ማዘርቦርድ በጩኸት ሕመሙን ይገልጣል። ትርጉሙ እንደ ባዮሱ አምራች ይለያያል፤ በአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ጩኸት ወደ ማሳያ ካርዱ ያመለክታል። ጩኸቱን ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው፣ የበሽተኛውን ቃል ሳይሰማ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም ነው።

ሦስተኛው ሕመም በዚህ ዘመን የሚገጥም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ብዙ ሰው አሮጌ ማሽኑን ለዊንዶውስ 11 ለማብቃት ዕቃ ይለውጣል፣ የባዮስ ቅንብርም ይነካል። አነሣሡን ወደ ዩኢኤፍአይ ብቻ ያዞረ ሰው፣ ዲስኩ በአሮጌው የኤምቢአር ሥርዓት የተከፋፈለ ከሆነ፣ ማሽኑ አልነሳም ይለዋል። ቅንብሩን ወደ ነበረበት መመለስ በቂ ነው። ይህን በማጣራት ፈንታ ሁለተኛው የችኮላ ፍርድ ይሰጣል፤ «ፎርማት ይደረግ»። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእናት የመጨረሻ ፎቶግራፍ፣ የነጋዴው የሦስት ዓመት ሒሳብ አብሮ ይጠፋል። ማዘርቦርድ በገንዘብ ይተካል፤ ይህ ግን በምን ይተካል?

የሁሉም መነሻ አንዲት ጥያቄ ናት፤ «መጨረሻ ላይ ምን ተነካ?» የተነካውን ወደ ነበረበት መልስ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፣ አዲሱን ዕቃ አውጣ፣ አሮጌውን አስገባ፣ አብራ። ከተነሳ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ክስ ውድቅ ሆነ። ካልተነሳ ደግሞ ራሙን አንድ በአንድ፣ ገመዱን አንድ በአንድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሄድ ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢነሳለትም የትኛው እንዳስነሳው አያውቅም።

ይህ ሁሉ ለባለሙያው እንግዳ አይደለም። ታዲያ ለምን በባለቤቱ ፊት አይደረግም? ከሰነፍ መልሶች ሁሉ የከበረውን እንጥቀስ፤ «ሙያ በልብ ነው»። ተረቱ ሲነገር የትሕትና ትምህርት ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አይፎክር፣ ሥራው ይናገርለት ማለት ነው። እኛ ግን የመጋረጃ ገመድ አደረግነው። ማሽኑ ከመጋረጃው ኋላ ይገባል፤ ባለቤቱ «ነገ ና» ይባላል፤ በማግሥቱ ዋጋ ይነገረዋል፤ ምክንያት ግን አይነገረውም። ቢጠይቅም «ኖ ዲስፕሌይ ነው» ይሉታል። ስክሪኑ ጥቁር መሆኑንማ እሱም ያውቀው ነበር! የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቷል፤ አማርኛ በኮምፒውተር ላይ ይጻፋል፣ ይነበባል። ስለ ኮምፒውተሩ ሕመም በአማርኛ ማስረዳት ግን አሁንም እንደ ውለታ ይቆጠራል።

«ቢነገረውም አይገባውም» የሚሉ አሉ። ይህ ንቀት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዷ አልግል ያላት እናት ምን ታደርጋለች? መጀመሪያ መብራት መኖሩን ታያለች፤ ቀጥላ ቆጣሪውን፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ ገመዱን ትመለከታለች። ምጣዱን የምትጥለው በመጨረሻ ነው። ይህ ፍጹም የምርመራ ሥርዓት ነው። ሊጥ ቦክቶ እየጠበቃት ይህን የምታደርግ ሴት፣ ራም በትክክል አለመቀመጡ ቢነገራት አይገባትም ማለት ድፍረት ነው።

አሁን ግን ነገሩን ወደ እኛ ወደ ደንበኞቹ ላዙረው፤ ጠጋኙን ብቻ መውቀስ ግፍ ነውና። ሐቀኛ ባለሙያ ግማሽ ሰዓት መርምሮ ራሙ አለመጫኑን ያገኛል፤ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ማሽኑ ይነሳል። ከዚያ ዋጋ ሲጠይቅ «በጣት ለመጫን ነው ብር የምትለኝ?» እንለዋለን። ያው ሰው «ማዘርቦርድ ለውጫለሁ» ቢለን ግን አሥር እጥፉን ሳናንገራግር እንከፍላለን። ዕቃ እንገዛለን እንጂ ዕውቀት አንገዛም። የቦሌ ኪራይ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ ለዕውቀቱ ያልከፈልነውን ሰው በዕቃ እንዲያስከፍለን ያስተማርነው እኛው ነን። ሐቀኛው ከስሮ ሲዘጋ፣ ያልሆነው ቅርንጫፍ ይከፍታል።

ጥፋቱም ከአንድ ኪስ አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ከብዷል። በከንቱ የተፈረደበት እያንዳንዱ ማዘርቦርድ በከንቱ የወጣ ዶላር ነው፤ የተጣለውም ደህና ማዘርቦርድ ከነእርሳሱ ወደ ቆሻሻ ክምር ይወርዳል። በጎሮ በኩል የአይሲቲ ፓርክ ገንብተናል፤ መልካም ነው። ከፓርኩ ወዲህ ባለው ሰፈር ግን አንድ ዜጋ የራሱ ማሽን ለምን እንዳልተነሳ የማወቅ መብቱ አልተከበረም።

መብት ማለቴ ለማሳመር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ከባለሙያው ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከፍርዱ በፊት አዲሱን ዕቃ አውጥቶ በአሮጌው በፊታችን ይሞክርልን። ያገኘውን በምንሰማው ቋንቋ ይንገረን። «ተቃጠለ» ብሎ ያወጣውን ዕቃ በእጃችን ይመልስልን። እኛም በበኩላችን አንድ ዕዳ አለብን፤ ዕቃ ባይሸጥልንም፣ ጥፋቱ የተነቀለች ሽቦ ሆና ብትገኝም፣ ለምርመራው ዋጋ ሳንከራከር እንክፈል። ያኔ እውነቱን የሚነግረን ሰው ከሚዋሸን ሰው ያነሰ አያተርፍም።

ሙያ በልብ ይሁን፤ ምክንያት ግን በአፍ ይነገር።